ሲኒ ሞልቶ የሚቀዳው ሰባኪ

ሀንሶል ከናሪን ከተማ ወዲያ ወዳለችው የኪርጊዝ መንደር፣ ወደ ካራ-ቡላክ የመጣው ነፍሳትን ሊያድን ነው። ነፍሳቱ ግን እሱ ሲደርስ ሥራ ላይ ነበሩ። ገሚሱ ድርቆሽ ይከምራል፣ ገሚሱ ከተራራ የወረደውን በግ ይለያል፣ የቀረው የቱርክ ተከታታይ ድራማ ያያል። ከሚኒባሱ ወርዶ ሻንጣውን ጭቃው ላይ አቁሞ ግራ ቀኙን ሲያማትር ሊቀበለው የመጣ አንድ ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሸተት አደረገውና ሄደ።

ልጁ የኮሪያ ሰው ነው፣ የቡሳን ልጅ። እናቱ ገበያ ውስጥ ዓሣ ይሸጣሉ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሁለቴ ወድቋል። ሥራ ያመለከተባቸው ድርጅቶች በሙሉ በትሕትና አሰናብተውታል፤ እጮኛው ደግሞ ያለ ትሕትና። በዚህ ሁሉ መሀል "ና፣ እንፈልግሃለን" ያለው የቤተ ክርስቲያኑ የሚስዮን ክፍል ብቻ ነበር፤ የኪርጊዝን ቋንቋም ያስተማረው እሱ ነው። እናቱ በደስታ አለቀሱ። ፎቶውን ትልቅ አድርገው አሳትመው በቤተ ክርስቲያኑ ኮሪደር ላይ አሰቀሉት። ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ዓሣ የሚገዛ ሰው የልጃቸውን ገድል ሳይሰማ ዓሣውን ተቀብሎ አይሄድም። እንግዲህ ከዚህም ከወደቀ የሚወድቅበት ሌላ ነገር አልቀረውም፤ ይህን ራሱም ያውቃል።

የሚስዮኑ ኃላፊ መጋቢ ናም ሲሸኙት ነገሩን አሳጥረው ነግረውታል።

"በጸደይ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ። ቁጭ ብሎ ቃሉን የሚሰማ ጉባኤ ካየሁ ትቀጥላለህ። ካላየሁ ሻንጣህን ይዘህ ከእኔ ጋር ትመለሳለህ። ገባህ?"

ገባው። "ቁጭ ብሎ" የምትለዋ ነገር ክረምቱን ሙሉ እንደምታንገበግበው ግን ያኔ አልገባውም።

የተከራየው ከቡሩልቻ አፓ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር። አፓ የሚባሉት በዚያ አገር ለእናትነት ዕድሜያቸው የደረሰ ሴቶች ሁሉ ናቸው። ቡሩልቻ አፓ ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ለሞስኮ የግንባታ ሥራ ሸኝተው፣ ከአንዲት ላምና ከአንድ ክፉ አውራ ዶሮ ጋር የቀሩ ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ሀንሶልን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይህን አጥንት ነው ወደዚህ ብርድ የላኩት? እናትህ በሕይወት አሉ?"

"አሉ፣ አፓ።"

"እና ምን ነካቸው?"

በካራ-ቡላክ እንግዳን ማረም ነውር ነው። ዘመድ ይሰደባል፣ ጎረቤት ይመከራል፣ እንግዳ ግን ደስ እንዳለው ይሳሳታል። ሀንሶልም በዚህ መብቱ በሚገባ ተጠቀመበት። ዳቦውን፣ በዚያ አገር ነውር መሆኑን ሳያውቅ፣ በጀርባው ገልብጦ ያስቀምጠዋል፤ ቡሩልቻ አፓ ትንፍሽ ሳይሉ ያቃኑታል። በማግስቱ ደግሞ ይገለብጣል፣ ደግሞ ያቃናሉ። ዳቦው እንዲህ ሲገላበጥ ከረመ፤ እሱም ሴትዮዋ በዳቦ መጫወት የሚወዱ ይመስለው ነበር። በግ ሲታረድ እንደ ታናሽነቱ ጆሮውን ሰጡት። "ምን በድያቸው ነው?" ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ስለሆነ በረዶ በጣለ ቁጥር ወደዚያ መሄድ ራሱ ሐዋርያዊ ጉዞ ነበር። ለእናቱ ግን በስልክ "ሁሉም ደህና ነው፣ እማዬ" ይላቸዋል። ከወዲያ የቢላ ድምፅ ይሰማል፤ እናቱም ለገዢው "ተራራ ላይ እኮ ነው ያለው" ሲሉ ይሰማል።

ከሁሉ ያልገባው የሻይ ነገር ነው። ቡሩልቻ አፓ በዚያ ጆሮ በሌለው ሰፊ ሲኒ ውስጥ ለአንድ ጉንጭ የምትሆን ጠብ ያደርጉለታል። እሷን ሲጨርስ ሲኒውን ይቀበሉትና ሌላ ጠብ። ደግሞ ሌላ ጠብ። "ምስኪን፣ ሻዩ እንዳያልቅባቸው እየቆጠቡ ነው" ይላል በልቡ። አንድ ቀን አንጀቱን በልተውት ከከተማ ሻይ ቅጠል በኪሎ ገዝቶ አመጣላቸው።

"አፓ፣ አሁን እንኳ ይሙሉልኝ! እስከ አፉ!"

ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያውን መልሰው አስቀመጡት።

"ምን አደረግኩህ? እዚህ ቤት ማን ምን አለህ?"

"ኧረ ማንም ምንም አላለኝም።"

"እንግዲያው ዝም ብለህ ጠጣ።" ጠብ አደረጉለት።

ሀንሶል ይህን "የድህነት ኩራት" የሚል ስም ሰጥቶ ለመጋቢ ናም ጻፈላቸው። መጋቢም "ግሩም ትዝብት ነው" ብለው መለሱለት። ሁለቱም በእውቀታቸው ረክተው ያን ቀን በሰላም አደሩ።

ስለዚህ የራሱን ጉባኤ ሲጀምር ለዚህ ሕዝብ ልግስና ምን እንደሆነ ሊያሳየው ቆረጠ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መንደርተኛውን ለሻይ ጠራ። ምንጣፍ አነጠፈ፣ ብስኩትና ዘቢብ ደረደረ፣ ስብከቱን ሸመደደ። ለመጣው ሰው ሁሉ ሲኒውን ጢም አድርጎ፣ ሊፈስ ምንም እስከማይቀረው ሞልቶ፣ በሁለት እጁ አክብሮ አቀረበ።

የእኛ አገር አንባቢ "ታዲያ ይህ ምን ክፋት አለው? ያጎደለ አይደል የሚታማው?" ይል ይሆናል። ሀንሶልም ያለው ይህንኑ ነው። በካራ-ቡላክ ግን ጎደል ያለ ሲኒ "ተቀመጥ፣ ገና ደጋግሜ እቀዳልሃለሁ" ማለት ነው። የሞላ ሲኒ ደግሞ "ይችን ጠጣና መንገድህን ያዝ" ነው። ይህን ለማወቅ ሚስዮናዊ አለመሆን ብቻ ይበቃል።

በመጀመሪያው ሐሙስ የሚኒባስ ሹፌሩ ሼርሼን፣ ሁለት እረኞችና የሱቁ ባለቤት መጡ። ሀንሶል ሞላላቸው። ሰዎቹ ሲኒያቸውን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ፊታቸው በራ።

"ወንድሞቼ፣" አለ ሀንሶል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "በመጀመሪያ..."

"እግዜር ይስጥልን!" አለ ሼርሼን፤ የጨረሰውን ሲኒ አስቀመጠ። ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አንስተው "ኦሚን" ብለው መረቁትና ጫማቸውን እያጠለቁ ወጡ። የእረኞቹ ታናሽ ከበሩ ዞር ብሎ "የምር ጨዋ ሰው ነህ!" አለው።

በሁለተኛው ሐሙስ ብዙ ሰው መጣ። በሦስተኛው ባሰበት፤ ከወንዝ ማዶ ሳይቀር በፈረስ መጡ። ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይመርቃሉ፣ ይወጣሉ። ስብከቱ "በመጀመሪያ" ከምትለው ቃል አልፎ አያውቅም። ሀንሶል ጥፋቱን ከብስኩቱ አየና ብስኩቱን ለወጠ። ከንግግሩ አየና ከመስታወት ፊት ተለማመደ። ከራሱ ኃጢአት አየና ጾመ። በመጨረሻ "ቶሎ የሚጨርሱት ሲኒው ትንሽ ስለሆነ ነው" የሚል ጥበብ ተገለጠለትና ናሪን ወርዶ የሾርባ ሳህን የሚያካክሉ ሲኒዎች ገዝቶ መጣ። በዚያ ሐሙስ ሕዝቡ ምላሱ እየተቃጠለ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ትእዛዙን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ፈጸመና ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀትስ እንዲህ አይከርርም።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዳሚራ ራሷ መጣች። ፈጣን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት።

"ልጆቻችን ኮሪያ ፋብሪካ ሊሄዱ ቋንቋ ይፈልጋሉ። አስተማሪ የለንም። ለምን አታስተምርልንም? ደሞዙ ትንሽ ነው፣ መኖሪያ ፈቃዱን ግን እኛ እንጨርስልሃለን።"

"እኔ እንኳ የመጣሁት ለነፍስ ነው" አለ ሀንሶል፣ በራሱ ንግግር ልቡ እየተነካ። ያንን ሳህን የሚያህል ሲኒ ሞልቶ ሰጣት።

ዳሚራ ሲኒውን አየችው፣ እሱን አየችው። "ገባኝ፣ መድገም አያስፈልግም" ብላ ጠጥታ ሄደች። ሀንሶል ስለ ነፍስ የተናገረው ልቧን የነካት መስሎት አመሰገነ።

ብርዱ በጠናበት ወቅት ደግሞ፣ ሐሙስ ባልሆነ ቀን፣ ኤሴንካን አታ በሩን አንኳኩ። አታ ማለት አባት ነው፤ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ሚስታቸው በመከር ሞተውባቸዋል። ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ደፉ ላይ ቆሙ።

"እሳት አንድደሃል?" አሉ።

"አንድጃለሁ፣ አታ። ይግቡ፣ ይግቡ!"

ሀንሶል ደስታው ልክ አልነበረውም። ሳይጠራት በራሷ እግር የመጣች ነፍስ! ሽማግሌው ገብተው፣ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸውን አመቻችተው ኮታቸውን መፍታት ጀመሩ። ሁለተኛው ቁልፍ ላይ ሳሉ ሀንሶል ትልቁን ሲኒ ጢም አድርጎ አቀረበላቸው። እጃቸው እቁልፉ ላይ ቆመ። ሲኒውን ብዙ አዩት።

"እሺ ልጄ" አሉ። የፈቱትን ቁልፍ መልሰው ቆለፉ። ሻዩን እያፋጀ ጠጡት፣ መረቁት፣ ወጡ።

"ዛሬ አንድ ሽማግሌ ራሳቸው መጡ" ብሎ ለመጋቢ ናም ጻፈ። "ቃሉን ሰሙ?" አሉት። "ትንሽ ቸኩለው ነበር" አለ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ከመጋቢ ናም መልእክት መጣ፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ በሚመጣው ሐሙስ ጉባኤውን ያዩታል። ሀንሶል እየሮጠ ወደ ሼርሼን ሄደ። ሼርሼን ከሚኒባሱ ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

"ሼርሼን ባይኬ!" አለ፤ ባይኬ ታላቅ ወንድም ነው። "ልለምንህ መጣሁ። ሐሙስ አለቃዬ ይመጣሉ። ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለእኔ ብለህ፣ ሻዩን ጠጥተህ አትሩጥብኝ። ትንሽ ቁጭ በልልኝ።"

"እንዴት አድርጌ ነው ቁጭ የምለው?" አለ እግሩ።

"እንዴት ማለት?"

"ሞልተህ እየሰጠኸኝ?"

"አክብሬህ ነዋ የሞላሁት!"

ሼርሼን ግሪሱን እንደተለቀለቀ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ልጁን ትክ ብሎ አየው።

"አታውቅም እንዴ? ወላድ ድረሽ! የእውነት አታውቅም?"

ነገረው። እየነገረው ሳቁ እያመለጠው፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ እንደገና እየሳቀ ነገረው።

"እኛማ እኮ አደነቅንህ! ካንተ በፊት የነበረው ያ ረጅሙ ሰውዬ እግራችን እስኪደነዝዝ ነበር የሚያስቀምጠን። አንተ ስትመጣ 'ይሄ ልጅ ጨዋ ነው' አልን። አለቆችህ ስበክ ብለው ላኩህ፣ አንተ መስበክ አትፈልግም፣ እኛ መስማት አንፈልግም። ጠርተህ፣ አጠጥተህ፣ ሳይመሽብን ታሰናብተናለህ። አለቆችህም አልከፉ፣ እኛም አልተሰላቸን። ከወንዝ ማዶ የሚመጡት እኮ ይህን ብልሃትህን ሊያዩ ነው!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በናሪን አውራጃ ሁሉ "ሲኒ ሞልቶ የሚቀዳው ሰባኪ" ተብሎ ሲመሰገን የቆየው ሀንሶል ዛሬ ገና ስለ ራሱ ሰማ። የጾመው ጾም፣ የመስታወቱ ልምምድ፣ የሾርባ ሳህኖቹ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ መጡበት። ዳሚራንም አስታወሰ፤ ሥራ ልትሰጠው የመጣችውን ሴት በሩን አሳይቷታል። ይህን ሁሉ እያሰበ ሳለ ድንገት ፊቱ ተለወጠ።

"ኤሴንካን አታስ?"

ሼርሼን ሳቁን አቆመ። በጨርቅ እጁን ይጠርግ ጀመር።

"እሳቸውንም?"

"በዚያ ብርድ መጥተው ነበር። ሞላሁላቸው።"

"ለዚህ ነዋ!" አለ ሼርሼን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከዚያ ወዲያ የማንም ቤት አልሄዱም። 'እንግዳው ልጅ እንኳ በቃህ አለኝ' ብለዋል አሉ።"

ሀንሶል አፈረ። በፈተና ሲወድቅ ያፈረው፣ እጮኛው ስትተወው ያፈረው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። ብርድ ያባረራቸውን፣ ቤታቸው ጭር ያለባቸውን ሽማግሌ ከእሳት ዳር አስነስቶ ሰድዷቸዋል፤ ያውም በሁለት እጁ፣ ያውም እየሳቀላቸው። ነፍስ ፍለጋ ስንት አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ነፍስ በሩን ስታንኳኳ "ጠጪና ውጪ" ብሏታል።

ከዚያው ወደ ኤሴንካን አታ ቤት ሄደ። ሽማግሌው አልተቆጡም፣ አልተቀየሙም፤ "ግባ" አሉ። ሻይ ልቅዳ ሲላቸው ማንቆርቆሪያውን አሳዩት፤ መቅዳት ያው የታናሽ ሥራ ነው። ሀንሶል የሲኒውን ቂጥ ብቻ የምትሸፍን ጠብ አደረገላቸው። ኤሴንካን አታ ሲኒው ውስጥ አዩ።

"ማን ነገረህ?"

"ሼርሼን ባይኬ።"

"አፉን አይዝም፣ ያ ልጅ።"

"አታ፣ ያን ቀን እኔ..."

"ተወው።" ጎንጨት አደረጉና ሲኒውን መለሱለት። "ቅዳ።"

ቀዳ። ደግሞ ቀዳ። ሽማግሌው ኮታቸውን አወለቁ። ስለ ሚስታቸው አወሩ፤ ጨው እንዴት እንደምታበዛ፣ በጨው ነገር ዕድሜ ልካቸውን እንዴት እንደተጨቃጨቁ፣ አሁን ልጃቸው የምታበስለው ሁሉ ልኩን የያዘ ሆኖ እንዴት አልበላ እንዳላቸው። ሀንሶል እያለቀሰ ይቀዳ ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጠ፤ "በመጀመሪያ" የምትለው ቃል ትዝም አላለችው። ይህን ለመጋቢ ናም አልጻፈም።

ሐሙስ ደረሰ። መጋቢ ናም በሼርሼን ሚኒባስ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፎቶ የሚያነሳውን ስልካቸውን አስቀድመው ገቡ። የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ሁለት ቃል ብቻ ተምረው መጥተዋል፣ አንዷም የሌላ አገር ነች። ክፍሉ ጢም ብሏል። ኤሴንካን አታ ከበሩ ራቅ ብሎ ባለው የክብር ቦታ ተቀምጠዋል፣ ቡሩልቻ አፓ ከጎናቸው። ሼርሼን ለመንደሩ ሁሉ ነገሩን አዳርሷል፤ እየሳቀም ቢሆን "ልጁን እናስመርቀው" ብሏል።

ሀንሶል ትንንሾቹን ሲኒዎች አውጥቶ ጠብ ጠብ አደረገ። ሰዉ ተቀመጠ። ኮት አወለቀ። እግሩን አጣጥፎ ተመቻቸ። ጠብ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ስለ ጠፋች ባዝራ ተነሣ፣ ስለ መስኖው ተጨቃጨቁ፣ የሱቁ ባለቤት አንድ ተረት አወራ። ከዚያ ኤሴንካን አታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በል እንግዲህ ልጄ፣ ያቺን 'በመጀመሪያ' የምትላትን ቀጥላት። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ልንሞት ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሁሉም ወደ ሀንሶል አዩ። ያ ክረምቱን ሙሉ የለመነው ነገር ይኸው፣ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው። አፉን ከፈተ።

"ሀንሶል!" አሉ መጋቢ ናም በኮሪያኛ፣ በጥርሳቸው መሀል። "ይህ ምንድን ነው?"

"ምኑ፣ መጋቢ?"

"ሻዩ! የሲኒው ቂጥ እኮ እየታየ ነው! ስለ ሴትዮዋ ስስት የጻፍክልኝ አንተ አይደለህም? ቤተ ክርስቲያናችንን በሰው ፊት ታዋርዳለህ?"

"መጋቢ፣ እለምንዎታለሁ፣ እዚህ አገር ሲሞላ..."

"ልግስናን አንተ ነህ የምታስተምረኝ?"

ማንቆርቆሪያውን ከእጁ መነተፉት። እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ ፊታቸው በፍቅር እያበራ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ከኤሴንካን አታ ጀምረው እያንዳንዱን ሲኒ እስከ አፉ ሞሉት። የሱቁን ባለቤትማ ሱሪውን አቃጠሉት።

ሕዝቡ ሲኒውን አየ፣ ከዚያ ሀንሶልን አየ። ሀንሶል ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል። ኤሴንካን አታ ተነፈሱ።

"እንግዲህ የትልቁ ሰውዬ ፈቃድ ይህ ከሆነ..." አሉና ጠጡ። ሁሉም ጠጣ። መዳፍ ተነሣ፣ "ኦሚን" ተባለ፣ ኮት ተለበሰ። እንግዳን ማረም ነውር ነውና ማንም ምንም አላለም። መጋቢ ናም ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ፎቶ ለማንሳት ቀና ሲሉ ክፍሉ ውስጥ ብስኩት ብቻ ቀርቷል።

"ምን ሆኑ?" አሉ።

"ሂዱ አሏቸዋ።"

"ማን?"

"እርስዎ።"

አስረዳቸው። መጋቢ ናም እስከ መጨረሻው አዳመጡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሻይ ወሬ! ወንጌል በሻይ ይቆማል? ልባቸው የደነደነ ሕዝብ ነው በለኝ፣ ይገባኛል። ነገ ጠዋት ሻንጣህን ይዘህ ተነሣ። እናትህን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ ፎቶውንም ቀስ ብለን እናወርደዋለን።"

ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆመ። ውጭ ሼርሼን ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀ ነው። ቡሩልቻ አፓ ግን ገበታቸውን ዘርግተው ሳይቀምሱ የሚወጣ የለም ብለዋል። መጋቢ ናም ሰዓታቸውን እያዩ ተቀመጡ፣ ዳቦ ቆረሱ፣ የቀረውን በጀርባው ገልብጠው አስቀመጡት። የሀንሶል እጅ ሳያስበው ሄዶ አቃናው። ቡሩልቻ አፓ አዩት።

ማንቆርቆሪያውን አነሡ። የመጋቢ ናምን ሲኒ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳያፈስሱ፣ እስከ አፉ ሞሉት። በሁለት እጃቸው፣ ፈገግ ብለው አቀረቡላቸው።

"አየህ?" አሉ መጋቢ ናም፣ እጅግ ደስ ብሏቸው። "ትናንት አይተውኝ ተማሩ። ሰው ምሳሌ ነው የሚፈልገው።"

ከዚያ ሴትዮዋ የሀንሶልን ሲኒ ተቀበሉ። ለአንድ ጉንጭ የምትሆን ጠብ አደረጉለት። ሀንሶል ሲኒውን ይዞ ቁልቁል አየ። እዚያ ቤት ከገባበት ቀን ጀምሮ እኚህ ሴት በየቀኑ፣ በየሲኒው፣ ተቀመጥ ሲሉት ነበር፤ እሱ ግን ሻይ ቅጠል ገዝቶላቸው መጣ። በሕይወቱ እንዲህ ደጋግሞ ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም።

ጠጣና ሲኒውን መለሰ። ጠብ አደረጉለት።

መጋቢ ናም የእሳቸውን እየተንገበገቡ ጨርሰው ተነሡ፣ በሁለቱ ቃላቸው አመሰገኑ፣ ወጡ። የሚኒባሱ በር ሲዘጋ ተሰማ። "ሀንሶል! ረፈደ!" የሚል ድምፅ ተከተለ።

"አፓ፣" አለ ሀንሶል፣ "ዳሚራ የኮሪያኛ አስተማሪ አገኘች ይሆን?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ሄደህ ጠይቃት። ብትሰድብህ ግን ዝም በል፣ ይገባሃል።"

"ለእናቴስ ምን እላለሁ?"

"ተቀመጥ አሉኝ በላቸው።" ሲኒውን ተቀብለው ጠብ አደረጉለት። "ደግሞ አሁን ምን ያስቸኩልሃል? ጠጣ።"

ውጭ ጥሩንባው ተነፋ፤ የነፉት መጋቢ ናም ናቸው እንጂ ሼርሼንስ ሞተሩን አጥፍቶ "የሆነ ነገር ይንኳኳል" እያለ ከሚኒባሱ ሥር ገብቷል። ሀንሶል ያቺን ጉንጭ ዋጠና ሲኒውን በቀኝ እጁ መልሶ ዘረጋላቸው።